ሞተሩ ከመታጠቡ በፊት

የተከበራችሁ ባለንብረቶች፣ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ከፖሊ ቴክኒክ የመጣችሁ ተማሪዎች፣

ሳላዞር ወደ ነገሬ ልግባ። የከባድ መኪና ሞተር ሲወድቅብን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ማስረጃውን ማጥፋት ነው። ሞተሩ ይወርዳል፣ ይፈታል፤ ፒስተኑም ቢዬላውም ብሮንዚኑም አንድ ላይ ናፍጣ ውስጥ ተነክሮ በብሩሽ ይታሻል። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደረ በኋላ «ምን ነክቶት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። በዚያን ሰዓት መልስ ይሰጠን የነበረው ነገር ከቆሸሸው ናፍጣ ጋር ተደፍቷል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። የተሰበረው ዕቃ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ይወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሞተር እንደገና ይወርዳል። ባለንብረቱ መካኒኩን ይከሳል፤ መካኒኩ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ዕቃ ሻጩ በሹፌሩ ያሳብባል። ሽማግሌ ተቀምጦ ቢመረምርም ሁሉም የሚናገረው በግምት ነውና፣ በመጨረሻ ከሥራው የሚባረረው አቅም የሌለው ሹፌሩ ይሆናል። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ከብረቱ ይልቅ ይህ ነገር ነው። የልጆች አባት የሆነ ሰው እንጀራው በግምት ሲቋረጥ ማየት ያመኛል፤ እውነቱን የሚያሳይ ብረት እጃችን ላይ እያለ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያመኛል።

የተሰበረው ዕቃ ሌላ፣ የሰበረው ነገር ሌላ ነው። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ብሎኩን በስቶ ቢወጣ ጥፋቱ የቢዬላው ነው ማለት አይደለም። በክራንክ ሻፍቱና በቢዬላው መካከል ያለው ብሮንዚን ቀድሞ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ብሮንዚኑን ያስበላው የቀጠነ ዘይት፣ ዘይቱን ያቀጠነው ደግሞ ናፍጣ የምታንጠባጥብ አንዲት ኢንጄክተር ልትሆን ትችላለች። ከቢዬላው ተነሥተን ወደ ኋላ እየተጓዝን እሷ ጋ ካልደረስን፣ አዲስ ቢዬላ የገጠምንለት ሞተር ያችኑ ኢንጄክተር ተሸክሞ ከጋራዥ ይወጣል።

ምርመራው የሚጀምረው ሹፌሩን በመስማት ነው። «ምን አድርገኸው ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ራሱን ይከላከላል እንጂ ያየውን አይናገርም። «ወንድሜ፣ ሰሞኑን ምን አየህበት?» ብንለው ግን ብዙ ነገር ይነግረናል። የዘይት መብራቱ ብልጭ ይል ነበር? ዳገት ላይ ሙቀቱ ወጥቷል? ውኃ ስንት ጊዜ ጨምሯል? ጭሱስ? ጥቁር ጭስ ናፍጣው አየር አንሶት በደንብ አለመቃጠሉን ይነግራል። ሰማያዊው ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ነጭ ጭስ ውኃ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ መሆኑን ያስጠረጥራል። አንድ ነገር ግን አበክሬ እጠይቃለሁ፤ የዘይቱ መጠን ከፍ ብሎ ነበር? ብዙ ሹፌር ዘይቱ ሳይጎድል ሲቀር ደስ ይለዋል። ሞተር ዘይት አይሠራም፤ መለኪያው ላይ ዘይቱ ከፍ ካለ የጨመረው ወይ ናፍጣ ነው ወይ ውኃ።

ከዚያ በኋላ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ዘይቱን እንይ። በጣት መካከል አሽቶ ማሽተት ብቻውን ናፍጣ መኖር አለመኖሩን ይጠቁማል። ወተት እንደገባበት ቡና የነጣ ዘይት ውኃ ጠጥቷል። ጥቂቱን ደግሞ የጋለ ብረት ላይ ጠብ አድርጉት፤ ውኃ ካለበት ይንጣጣል። ቀጥሎ የዘይት ፊልትሮውን አትጣሉት፤ ቆርቆሮውን ቁረጡ፣ ወረቀቱን አውጡና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጉት። ማግኔት አስጠጉ። ማግኔት የሚስበው ብረት ከቀለበት፣ ከላይነር ወይም ከጥርስ የመጣ ነው። ማግኔት የማይስበው ነጩ ፍቅፋቂ አሉሚኒየም ነው፤ እሱ ከፒስተን ይመጣል። ቢጫ ወይም ቀላ ያለው መዳብ ሲሆን፣ የብሮንዚኑ የላይኛው ሽፋን አልቆ ሥሩ መበላቱን ይናገራል። ይህ ምርመራ ከመጋዝና ከማግኔት በቀር መሣሪያ አይጠይቅም። ሆኖም ስንት ጋራዥ ነው የወረደ ሞተር ፊልትሮ ቆርጦ የሚያየው?

ሲፈታ እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው ሲሊንደር፣ ከየትኛው ወገን እንደወጣ ይጻፍበት። ዛሬ ካሜራ በሁላችን ኪስ አለ፤ ሳይጠረግ፣ ሳይታጠብ ፎቶ ይነሣ። በመንገዶቻችን ላይ የሚበዛው የሲኖትራክ ሃዎ መኪና ይዞት የመጣው ደብሊው ዲ 615 ሞተር 9.7 ሊትር ሆኖ ለስድስቱም ሲሊንደሮች የየራሳቸው ቴስታታ አለው። የተጠረጠረውን አንዱን ብቻ አንሥቶ ማየት ይቻላልና ይህ ለመርማሪ ትልቅ ዕድል ነው። አሮጌው የናፍጣ ፖምፓ ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ሳይወርድ በፊት የየኢንጄክተሩን ቱቦ ተራ በተራ በማላላት የሚያንኳኳው ሲሊንደር የቱ እንደሆነ መለየት ይቻላል። እዚህ ላይ ወጣቶቹን አደራ እላለሁ፤ ኮመን ሬል ባለው አዲስ ሞተር ላይ ይህን ፈጽሞ እንዳትሞክሩት። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,600 ባር ሊበልጥ ይችላል፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ እጅ ያስቆርጣል።

አሁን ብሮንዚኑ ላይ ጊዜ ልውሰድ፤ ከሞተሩ ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ ታሪክ የሚይዘው እሱ ነው። ጀርባው ብረት፣ በላዩ የመዳብ ቅይጥ፣ ከሁሉም በላይ ውፍረቱ የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ብቻ የሆነ ለስላሳ ሽፋን አለው። በደህናው ጊዜ ክራንክ ሻፍቱ አይነካውም፤ በስስ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል። በአግባቡ ያረጀ ብሮንዚን ወጥ የሆነ ደብዛዛ ግራጫ መልክ አለው። ቀጫጭን ጭረቶች ዙሪያውን ከከበቡትና ደቃቅ ነገር ተሰክቶበት ከታየ፣ ዘይቱ ውስጥ ቆሻሻ ነበር። ለስላሳው ሽፋን ተድጦ ወደ ጠርዝ ከተገፋና ከጠቆረ፣ ዘይት አልደረሰውም። እንደ ፈንጣጣ የተበሳሳ ከሆነ ዘይቱ አሲድ ሆኗል ወይም ውኃ ገብቶበታል።

ይህ ግን ግማሹ ንባብ ነው። ሌላው ግማሽ ብሮንዚኖቹን ሁሉ በተራቸው ደርድሮ በማነጻጸር የሚገኝ ነው። ስድስቱም ተበልተው ከሆነ ችግሩ የሁሉም ነው፤ የዘይቱ ዓይነት፣ የዘይት ፖምፓው ድካም፣ ወይም ዘይት ጎድሎ መነዳቱ። ከዘይት ፖምፓው የራቁት ብሰው ከተጎዱ ግፊቱ አንሶ ነበር። አንዱ ብቻ ተቃጥሎ የቀሩት ደህና ከሆኑ ግን የዘይቱን ጉድለት ማንሣት ከንቱ ነው፤ የዚያን የአንዱን የዘይት ቀዳዳ፣ የቢዬላውን ቀጥታነት፣ የብሎኑን አጠባበቅ መርምሩ። «ዘይት አስጨርሶ ነው» ተብሎ የተከሰሰ ሹፌር ንጹሕነቱ በአምስት ደህና ብሮንዚኖች ሊመሰከርለት ይችላል። እነሱን አጥቦ የጣለ ሰው የዚያን ሰው ምስክሮች ጥሏል።

ፒስተን ላይ ያለውም ንባብ እንዲሁ ነው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ ሠርቶ ካሳየው ጊዜ ጀምሮ ሥራው አየርን በማመቅ ላይ የተመሠረተ ነው። የዛሬው መኪና አየሩን ከ16 እስከ 18 እጥፍ ያምቀዋል፤ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው ደቅቆ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ኢንጄክተሩ አድቅቆ መርጨት ትቶ ማንጠባጠብ ከጀመረ ናፍጣው ፒስተኑ አናት ላይ ይነድዳል፣ ላይነሩ ላይ ያለውን ዘይትም ያጥበዋል። ስለዚህ አንዱ ፒስተን ብቻ አናቱ ተበልቶ ወይም ቀልጦ፣ ጎኑም ላይ ቀጥ ያለ ፍቅፋቄ ታይቶ የቀሩት ደህና ከሆኑ ወደዚያች ኢንጄክተር ሂዱ። ሁሉም ፒስተኖች ዙሪያቸውን ከነከሱ ግን ሞተሩ ግሎ ነበር።

ሁሉም አናታቸው ከተጎዳ ደግሞ የናፍጣ ፖምፓውን ጠይቁ። ያለንባት ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ስንደርስ ይብሳል። መኪናው ዳገት ላይ ሲለግም ፖምፓውን አስከፍቶ ናፍጣ ማስጨመር የተለመደ ነው። አየሩ ግን አልጨመረም። ጥቁር ጭሱ የሚነግረን ይህን ነው፤ ሙቀቱም አሉሚኒየሙን ያዳክመዋል። ፖምፓ ማስከፈት ለባለንብረቱ የአንድ ወር ደስታ ሰጥቶ የስድስት ፒስተን ዋጋ ያስከፍላል፤ እኔ እንዲቀር እመክራለሁ።

የአባይ በረሃን ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ ብዙ ሞተር የሚፈረድበት እዚያ ስለሆነ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ተሰብሮ ሲቆም «ዳገቱ ገደለው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የገደለው ቁልቁለቱ ነው። መኪናው ፈጥኖ እየወረደ ሳለ ዝቅተኛ ማርሽ ከገባ ጎማው ሞተሩን ይነዳዋል። ገቨርነሩ ናፍጣ መቁረጥ ይችላል እንጂ ጎማ የሚያሽከረክረውን ሞተር መያዝ አይችልም። በደቂቃ 2,200 ዙር የተሠራለት ሞተር ከዚያ እጅግ ሲያልፍ የቫልቭ ሞላዎቹ ቫልቮቹን በጊዜ መመለስ ያቅታቸዋል፤ ፒስተኑም ወጥቶ ቫልቩን ይመታዋል። ቫልቩ ወዲያው ላይሰበር ይችላል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ድልድዩን ይሻገራል፣ ዳገቱን ይጀምራል፣ ጭነቱ ሲከብድበት አንገቱ ይበጠስና ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል።

ምልክቱ ፒስተኑ አናት ላይ የሚቀር የጨረቃ ቅርጽ ያለው የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነው። በአንዱ ሲሊንደር ብቻ ካለ የዚያ ቫልቭ ሞላ ተሰብሮ ወይም ቫልቩ ተቀርቅሮ ነበር። በስድስቱም ላይ ካለ ሞተሩ ከልኩ በላይ ዞሯል፣ ካልሆነም የጥርሱ አገጣጠም ተዛብቷል። እዚህ ሲደርስ ባለንብረቱ «ይኸው ሹፌሩ ነው!» ሊል ይችላል። አባቴ፣ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ቁልቁለት ላይ መኪናውን በሞተሩ የሚይዘው የጭስ ፍሬን ይሠራ ነበር? ሹፌሩ «ፍሬኑ ይታይልኝ» ብሎ ጠይቆ «አንድ ቢያጆ ሠርተህ ስትመለስ» ተብሎ ከነበረ፣ የሞተሩ ውድቀት የጀመረው ጎሐ ጽዮን ላይ ሳይሆን ያ መልስ የተሰጠበት ቦታ ላይ ነው። ጭነቱስ ከልክ በላይ አልነበረም?

ዳገቱን የወጣ መኪና ደጀን ላይ ቆሞ ምሳ ሲበላ ሌላ ጥፋት ይጀምራል። ተርቦው ገና እየጋለና በከፍተኛ ዙር እየተሽከረከረ ሞተሩ ይጠፋል፤ ዘይቱ ይቆማል፤ ተርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በዝግታ አስነሥቶ ማቆየት ይህን ያስቀራል። ምሳው አይሸሽም።

ስለ ውኃም ጥቂት ልበል። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን 0.5 ባር ግፊት ከያዘ መፍሊያው ወደ 107 ዲግሪ ከፍ ይላል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግፊት አይይዝም፤ ሞተሩ በደህናው ሙቀቱ ላይ እያለ ውኃው ይፈላበታል። በዚህ ምክንያት ቴስታታ ተጣሞ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፣ ክዳኑ እዚያው ይቀራል። የሚጨመረውም ውኃ ይታሰብበት። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ጭቃ ተሸክመው ነው ወደ ጣና የሚገቡት፤ ከድልድዩ ሥር በጄሪካን ተቀድቶ ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ያ ደለል ነው። ደለሉ ብሎኩ ውስጥ ይረጋል፣ በብዛትም ውኃው ቀስ ብሎ በሚያልፍበት በኋላኛው በኩል። የኋላኞቹ ሲሊንደሮች ብቻ ግለው ከተገኙ የውኃ መንገዳቸውን በሽቦ ፈትሹ።

እነዚያው ወንዞች ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ሲፈሱ ደግሞ በጎርፍ ውስጥ የሚያልፍ መኪና አለ። የአየር መሳቢያው ውኃ ከሳበ፣ ውኃ እንደ አየር አይታመቅምና የሚሸነፈው ቢዬላው ነው፤ ይጎብጣል። ውኃው ወጥቶ ሞተሩ ሊነሣ፣ ለሳምንታትም ሊሠራ ይችላል። የጎበጠ ቢዬላ ስላጠረ ፒስተኑ እንደ ጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ አይወጣም፤ ላይነሩ አናት ላይ የሚቀረው የጥላሸት ቀለበትም ከሌሎቹ ይሰፋል። በመጨረሻ በደረቅ መንገድ፣ ጎርፉ ከተረሳ በኋላ ይበጠሳል።

የተበጠሰበትን ፊት በደንብ እዩት። በአንድ ጊዜ የተሰበረ ብረት ፊቱ ሁሉ ሻካራ ነው። ቀስ በቀስ የተሰነጠቀው ግን በበጋ ጣና ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ተራ በተራ እንደሚተዋቸው መስመሮች ያሉ ለስላሳ ቅስቶች አሉት። ቅስቶቹ ተከትላችኋቸው ወደ ኋላ ብትሄዱ አንድ ነጥብ ላይ ያደርሷችኋል። እዚያ ነጥብ ላይ የመዶሻ ምት፣ የዝገት ጉድጓድ ወይም የብሎን ጥርስ ይገኛል፤ መነሻው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ስባሪ «ይገጥማል ወይ?» እያላችሁ አታፋትጉ፤ ቅስቶቹ ይጠፋሉ። የሐይቁ እርጥበት በአንድ ሌሊት ያዝገዋልና ንጹሕ ዘይት ቀቡት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት።

አቧራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ምን እንደሚያደርግ ግን በቂ አልተነገረም። አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከላይነሩ ብረት ይጠነክራል። የአየር ማጣሪያውን ጎማ ላይ መምታት ወይም በኮምፕሬሰር ከቅርብ መንፋት ወረቀቱን ይቀድደዋል፤ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ሁሉንም ያስገባል። ሞተሩ በትንፋሽ ቱቦው መተንፈስ፣ ዘይት መብላት ይጀምራል። ሲከፈት የሁሉም ሲሊንደሮች የላይኛው ክፍል ተበልቶ፣ የላይኛው ቀለበት ሳስቶ ይገኛል። አዲስ ቀለበት ከመግዛታችሁ በፊት ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ አቧራ ከያዘ አዲሱ ቀለበትም ያንኑ ዕድል ይጠብቃል።

ናፍጣም አለ። እጥረት ሲመጣ በጄሪካን የሚገዛው ምን እንደተቀላቀለበት ማንም አያውቅም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መኪናው ግማሽ ጋን ይዞ ለወራት ይቆማል፤ ሌሊት ሲበርድ የጋኑ ግድግዳ ውኃ ያወጣል፤ ውኃው ኢንጄክተሩን ያዝገዋል። ከረጅም ቆይታ በኋላ ከማስነሣታችሁ በፊት የውኃ መለያውን አራግፉ።

በመጨረሻ መንስኤው ተገኘ እንበል። ሥራው አላለቀም። ተርቦ ተሰብሮ ከነበረ ስባሪው ኢንተርኩለሩ ውስጥ ተደብቋል፤ ብሮንዚን ተበልቶ ከነበረ ፍቅፋቂው ዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ። እነዚህ ካልታጠቡ አዲሱ ሞተር በአሮጌው ብረት ይገደላል። የማይታጠቡት እነማን፣ የሚታጠቡት እነማን እንደሆኑ እንግዲህ ለያችሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሞተር ሲወርድ ባለንብረቱ፣ ሹፌሩና መካኒኩ ሦስቱም ባሉበት ይከፈት። የየሲሊንደሩ ሁኔታ፣ የፊልትሮው ፍቅፋቂ፣ የዘይቱ መልክ፣ የክዳኑና የጭስ ፍሬኑ ይዞታ ይጻፍ፤ ሦስቱም ይፈርሙበት፤ የተጎዳው ዕቃም ክርክሩ እስኪያልቅ ሳይታጠብ ይቀመጥ። የወረቀቱን ናሙና አባዝቼ አምጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ አለ፤ እያንዳንዱ ጋራዥ አንድ አንድ ይውሰድ። አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ፤ ከሹፌሮች እንጀምር።